ስሙ ገመድ አይደለም

ዕጣዬ የወጣው ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ነፋሱ እንደ በረዶ።
በሲባጎ የታሰረው ኑሮዬ ካይሱዙው ጀርባ ወረደ፤
ፍራሹ፣ ድስቱ፣ የስፌት መኪናው፣ አቧራ ላይ ተንጋደደ።
ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው አያሳልፍም፤
የእናቴ ቁም ሳጥን ቢለምኑት አይታጠፍም።
ጫኝና አውራጆቹ ዋጋ ጨምረው፣ ዙሪያውን ተመለከቱ፤
“ገመድን ጥሩት” አሉ፣ “ሽማግሌውን”፤ ድንጋይ ላይ ተጎለቱ።

መጣ።
ከትከሻው እስከ ብብቱ የተጠመጠመ
የቃጫ ጥቅል ይዞ፣ ላብ የጠገበ፣ የጠቆረ፣ የከረመ።
ናይለን አይወድም። “ናይለን ያታልላል፤
ቋጠሮ አያከብርም፣ ዞር ስትይ ይላላል፤
ቃጫ ግን ሲደክመው አቃስቶ ‘በቃኝ’ ይላል።”

ከበረንዳው ብረት ላይ ሁለቴ ጠመዘዘው፣
ጫፉን በእግሩ ረግጦ፣ በጥርሱ ነክሶ ያዘው።
“ሳብ!”
ቁም ሳጥኑ ተነሳ፤ መሬቱን ለቀቀ፤
መስታወቱ ውስጥ ሰማይ ተንገዳገደ፣
ብሎክ ሠላሳ ሁለት ተገልብጦ ታየና ራቀ።
እታች ገመድ ሲዘሉ የነበሩ
ልጆች፣ አርባ ሰባት ላይ ሲደርሱ፣ ጠፋቸው ቁጥሩ።
ወይዘሮ እልፍነሽ ከማስጫው ልብስ እየለቀመች
“ማርያም ትያዝልህ!” ብላ ጮኸች፤
አንድ ካልሲ ወደቀ፤ ማንም አላነሳው።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ገመዱ አቃሰተ።
እሱ ጆሮውን አስጠግቶ፣ እንደ ታማሚ ደረት፣
አዳመጠና “ገና ነው” ብሎ ጎተተ።

ሲያልቅ ውኃ ሰጠሁት። ብርጭቆውን ይዞ በመስኮቴ ቁልቁል አየ።
“ከላይ አይቼው አላውቅም፣ ማሳዬን” አለና ዝም ብሎ ቆየ።
“ያ መኪና የቆመበት ጤፍ ነበረ፤
ታንከሩ ሥር ቦራ፣ በሬዬ፣ በዚሁ ገመድ ታስሮ ያደረ።
ባለፈው ሰኔ ጎረቤቴን፣ ሌንጂሳን፣ በዚሁ ነው ያወረድነው፤
አትፍሪ፣ በአመድ አጥበን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ነው ያዋልነው።
ቀያሾቹ የመጡ ዕለት ሜትራቸው አነሰ፤
የኔኑ ተውሰው ለኩ፤ ከሾላው ሥር እስከ ወንዙ ደረሰ።
ማታ መለሱልኝ።”
ጠጣ።
“ገመዱን።”

ግድግዳ ልመታ የያዝኩትን መዶሻ ከኋላዬ ደበቅኩ፤
ዕጣው የወጣ ቀን እልል ማለቴ ትዝ አለኝና አቀረቀርኩ።

ገንዘቡን በስልክ ልልክለት ስሙን ስጠይቀው፣
“ገመድ” ብዬ ስጀምር ሻካራ ጣቱን ነቀነቀው።
“ገመዳ። በእኛ ቋንቋ ደስታ ማለት ነው።
የካሳው ጸሐፊ ነው ‘ዳ’ን ‘ድ’ ብሎ የቋጨው፤
ቸኩሎ ነበር መሰለኝ፤ እኔም ፈርሜ ወጣሁ፤ ወረፋው ረጅም ነው።”

ሲሄድ ከጥቅሉ ጫፍ ሦስት ክንድ ቆርጦ ተወልኝ፤
“ልብስ አስጪበት” አለ። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፋኝ።
እናቴ ብትኖር “ዘመድና ገመድ…” ብላ ትጀምር ነበር፤
ጫፉ ያልተቋጨ ተረት፣ ሁሌ መሃል ላይ የሚቀር።

በረንዳዬ ላይ ዘረጋሁት። ሌሊት ነፋሱ ከየረር ሲወርድ
ቃጫው ያቃስታል፤ እኔም ተነስቼ፣ ባዶ እግሬን፣ በብርድ፣
የልጄን ሸሚዝ አነሳለታለሁ።