የሊትር ደብተር

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳቦ ያዞርኩባት፣
የእርሾ ሽታ ዛሬም ያልለቀቃት፣
ነጭ አሮጌ ቫኔ፣ ዝገት የጀመራት፣
ቤት ሆና አገኘኋት፣ ጡረታ ሲያወጧት።

ሴቱባል ላይ ኪራይ ጣሪያ ሲነካብን፣
ባለቤቱ መጥቶ "ለቱሪስት ነው" ሲለን፣
ዴኦሊንዳ ሳቀች፦ "ጎማ ያለው ቤት አለን፤
ደጃፉ ይለወጥ እንጂ ሌላው ምን ጎደለን?"

የዳቦውን መደርደሪያ ነቀልኩ፣ አልጋ ገጠምኩበት፤
አንድ ድስት፣ ሁለት ሳህን፣ መጋረጃም ሰፋችለት።
ከሁሉ በፊት ግን ሮጣ የገዛችው
ሰማያዊ ደብተርና እርሳስ ነው።
"ስንት ሊትር ጠጣች? ስንት ኪሎ ሜትር ሄደች?
ያልተጻፈ ወጪ ሌባ ነው" አለች።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ በእሷ ሕግ ተመዘነ፤
የጣሪያው ብረት "ንፋስ ይይዛል" ተብሎ ተኮነነ፤
ጎማ ሰኞ ሰኞ ይለካል፤ ቆሞ ናፍጣ ማንደድ ነውር ሆነ።
ከሰማንያ አናልፍም። ከኋላ ካሚዮን ጡሩምባ ሲነፋብን፣
"ይለፍ" ትላለች፣ "ናፍጣው የሱ፣ ጥድፊያው የሱ፤ እኛን ምን ቸገረን?"
ቁልቁለት ሲጀምር ጉልበቴን ነካ ታደርጋለች፣
"እግርህን አንሣ፣ ቁልቁለቱ በነፃ ይሸኘን" እያለች።
ዳገት ሲመጣ ደግሞ፣ "ከእግርህ ሥር እንቁላል አለ በል፤
ቁርሳችን ነው፣ እንዳትሰብረው፣ አትቸኩል።"

ኤሽትሬሞሽ ላይ ናፍጣ ሲወደድ አገሬው ድንበር ይሻገራል፤
ባዳሆዝ ረከሰ ሲሉት ጀሪካኑን ይጭናል።
እኔም ቁልፌን አነሣሁ። እሷ እርሳሷን በምላሷ አርጥባ፣
መሄጃ መመለሻውን ደምራ፣ አካፍላ፣ አስባ፣
"አሥራ ሁለት ዩሮ ለማትረፍ አሥራ ስምንት እናቃጥላለን?
የናፍጣ ርካሹ ያልነደደው ነው። ተቀመጥ፣ ሾርባ እንጠጣለን።"

እንዲህ ኖርን ስድስት ክረምት። ውሃችን ከመንደር ምንጭ ነበር፤
ሞንሳራሽ ዘይቱን ለቅመን፣ ግማሽ ደመወዝ በጠርሙስ ዘይት ይቆጠር ነበር፤
ፌሊስሚና የምትባል መበለት ከጓሮዋ ጎመን ስትሰጠን፣
በሯን እጠግንላታለሁ፤ ሳንቲም የሚባል ሳይነካን።
ሌሊት ንፋስ ቆርቆሮውን እንደ ባለ ዕዳ ሲደበድብ፣
ካልሲ በካልሲ ደርበን፣ ደብተሩን በባትሪ ስናነብ፣
"ዘጠኝ ነጥብ አራት!" ትላለች፣ "ለመቶ ኪሎ ሜትር፣ ዘጠኝ ነጥብ አራት!"
ሎተሪ የወጣላት ይመስል። ጎረቤት ቢኖር በሰማት።

ጥር ላይ ቤዣ ሆስፒታል ገባች።
ቫኗ ከግቢው አጥር ሥር ቆማ አደረች አሥራ አንድ ሌሊት።
ምንም አልነደደም። ደብተሩ ላይ አሥራ አንድ ባዶ መስመር አለበት።

ከቀብር በኋላ ሞላሁ፤ በእርሳሷ ደመርኩ፣ አካፈልኩ፤
ዘጠኝ ነጥብ ሁለት። ተሳስቻለሁ አልኩ።
ጎማ ለካሁ፤ ንፋሱን ጠረጠርኩ፤ ደግሜ ሞላሁ፣ ደግሜ ነዳሁ፤
ዘጠኝ ነጥብ ሁለት።
ያን ጊዜ ገባኝ። መንገድ ዳር ቆምኩ፣ ሞተር አጠፋሁ።

ስድሳ ሁለት ኪሎ ነበረች፣
ጫማዋን ሳይጨምር፣ የምትሠራውን ሹራብ ሳይጨምር።
ያተረፍኳትን ሳንቲም "ኪሳራ" ከሚለው ዓምድ ጻፍኳት፤
ሒሳቡን የሚያርም ሰው አልነበረም፣ እንዲያው ተውኳት።

አሁን በወንበሯ ላይ ሦስት ጀሪካን ውሃ አስቀምጫለሁ፣
ቀበቶ አስሬባቸው። ዳገቱን ቀስ ብዬ እወጣለሁ።
ትናንት ስሞላ ቁጥሩ ተመለሰ፦ ዘጠኝ ነጥብ አራት።
ብታይ ትቆጣኝ ነበር። "አንተ ሰው፣
በየመንደሩ ምንጭ ሞልቶ፣ ውሃ በናፍጣ ማዞር ምን ይሉት?"
እመልስላት ነበር፤ ፊት ለፊት ግን መጣ ቁልቁለት።

እግሬን አነሣሁ።