የጎደለው ገጽ

ሐዴራ፣ ወረቀት ፋብሪካ፣ የሌሊቱ ፈረቃ፤
ከየከተማው ተጭኖ ይመጣል፣ ተነቦ ያበቃ፦
የግብር ደብዳቤ፣ የሰርግ ጥሪ፣ ያደረ ጋዜጣ፣
የተማሪ ደብተር፣ በቀይ እርማት ገጹ የገረጣ።
ቫዲም ካርቶን ይለያል፤ እኔ ሙጫና ክር ያለውን፣
መፍጫው እንዳይታነቅ፣ ከባድ ልባስ የለበሰውን።

መጽሐፉን ያገኘሁት እዚያ ነው፣ በኅዳር፣ ዝናብ ሲያካፋ፤
ጥቁር ሽፋን፣ በረዶ የዋጠው ቤት፣ መብራቱ የጠፋ፣
መስታወቱ ላይ የልጅ መዳፍ፣
ከውስጥ ትሁን ከውጭ የማትለይ።
ልጥለው ብዬ አንስቼ፣ ጃኬቴ ውስጥ ወሸቅኩት።

በእረፍት ሰዓት፣ ዕብራይስጡን በጣቴ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
የኋሊት እንደሚወጣ ሌባ፣ ዱካውን እየፈራ።
አባት አለ፣ ሲበላ እንኳ ድምፅ የማያሰማ፤
እናት አለች፣ ልብስ የምትጠቅም ሌሊቱን፣ በጨለማ፤
ሁለት ወንዶች፤ አንዲት ሴት፣ የሰባት ዓመት፣
በመጀመሪያው ምዕራፍ የሞተች፣ በረዶ ጓዳ ያገኟት።

ተራኪው ታላቅየው ነው። አንደበቱ ማር፣ ሐዘኑ የሚያስጨንቅ፤
«እኔ እዚያ አልነበርኩም» ይላል፣ ገጽ አርባ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቅ።
ስድሳ ሁለት ላይ ደገመው። ዘጠና ላይ ግን አመለጠው፤
የሪባኗን ቀለም ነገረኝ፣ ቋጠሮው የት ጋ እንደላላ፣ ሳይታወቀው።
ቫዲም ሻይ ይዞ ሲመጣ መጽሐፉን ከደንኩ፣
እኔ የተያዝኩ መስሎኝ ደነገጥኩ።

አባትየውን ጠረጠርኩ በዝምታው፣
እናትየውን በመርፌዋ፣ ታናሹን በፈገግታው።
እሱን ግን መጠርጠር አላስፈለገኝም።
ውሸቱን እንደ ገዛ እጅ ጽሕፈቴ ለየሁት።

ገጽ ሁለት መቶ አርባ። የጓዳው ደረጃ። ፋኖስ።
«አሁን እውነቱን ልናገር» ይላል፣ «የዚያን ለት እኔ»
ከዚያ የለም።
ቀሪው ተገንጥሏል፤ የተረፈው ጠርዝ
ያረጀ ውሻ ጥርስ ይመስላል።

ለካ ገጽ እንዲህ ይጎድላል።
እኔም የአንዲት ልጅ ገጽ ጎድሎኛል፤
የግንባሯ ጠባሳ ይመጣል፣ የጆሮዋ ቀዳዳ ይመጣል፣
መሐሉ ግን ባዶ ነው።

ትርንጎ።
ስሟን ሐዴራ ውስጥ ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።
እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች፣ አፈሩን ቆፋሪ እኔ።
ያን ቀን ሰነፍኩ። «አንቺ ሂጂ» አልኳት፣
«ትንሽ ነሽ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ትገቢያለሽ።»
ከሰዓት በኋላ ተናደ።
«እኔ እዚያ አልነበርኩም፤ በራሷ ነው የሄደችው።»
ይኸው፣ ማንም ሳይጠይቅ፤
ገጽ አርባ።

እናቴ አልጠየቀችኝም። ጭቃ መንካት ግን ተወች፤
አገር አቋርጣ፣ ባሕር ተሻግራ፣ አርጅታ፣
ሆስፒታል አልጋ ላይ እጄን ይዛ
«የዚያን ለት እኮ አንተን» አለች፣
እንቅልፍ ወሰዳት፣ አልመለሳትም።
ስንጥቁን አይታው ኖሯል? እኔን ነበር የላከችው?
ወይስ አንተን ማረልኝ ልትል ነበር?
እዚያ ጋ ተገንጥሏል።

መፍጫው ወረቀቱን ያላምጣል፤ የሚተፋው
ግራጫ፣ እርጥብ፣ ለስላሳ፣
በእጅ ቢይዙት ገንቦ የሚወጣው።
መጽሐፉን አፉ ላይ ዘረጋሁት።
ክንዴ ደነዘዘ። መለስኩት።

ጠዋት ልጄ ማያን አገላብጣ አየችው፤
«አባ፣ መጨረሻውን ልፈልግልህ? አንድ ደቂቃ ነው» ብላ
ስልኳን አነሳች።
«ተይው።»
«ማን እንደገደላት ማወቅ አትፈልግም?»

ከመንገዱ የአውቶቡስ በር ተነፈሰ።
ሥራ ይረፍድባታል፤ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው።
ጣቴን ጠርዙ ላይ አኖርኩ፣
ወረቀቱ በቆመበት።
«ቁጭ በይ» አልኳት። «አክስት ነበረችሽ።»