መጠባበቂያ

አፉላ፣ ከፎቁ ሥር፣ በቦንብ መጠለያ፣
የማኅበራችን ዘጠኝ ሰው፣ ለዓመት ሒሳብ መዝጊያ።
እኔ ነኝ ገንዘብ ያዡ፤ መነጽር ሰክቼ፣
ከጫማ ካርቶን ውስጥ ደረሰኝ አውጥቼ፣
አነበብሁ፦

ለቤንዚን፣ ለአረጋውያን ሆስፒታል ማመላለሻ፤
ለቀለም፣ ለብሩሽ፣ ለደረጃው ማደሻ፤
ለባንክ፣ ገንዘባችን እሱ ዘንድ ስላደረ፣
በየወሩ ሃያ ሁለት ሸቀል ተቆረጠ፣ ተቆጠረ።
ቀሪ፣ መጠባበቂያ፦ አራት ሺ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።
ለክፉ ቀን ነው ይላል ደንቡ። አይነካም በሌላ ዕለት።

ይኼኔ ትብለጽ ተነሳች።
«የፈንታዬ ማቀዝቀዣ ሞቷል። ኢንሱሊኗን ለጎረቤት ሰጥታ፣
ሲነጋ በር ታንኳኳለች፣ ሦስት ፎቅ በምርኩዝ ወጥታ።
ይኼ ክፉ ቀን ካልሆነ፣ ክፉ ቀን ምን ይመስላል?»
ጋሽ ማለደን ሳል ቀደመው፦ «ሲመጣ፣ መጣሁ ይላል።
በሱዳን መንገድ አንድ ጭብጥ በሶ መቀነቴ ላይ ቋጥሬ፣
እየራበኝ አልፈታሁም፤ በዚያች ነው ያለሁ ዛሬ።»

ዝም አልን። የአየር ማስገቢያው ብቻ አጉረመረመ።
እጅ ወጣ። አምስት ለአራት። አይነካም።
አምስተኛዋ እጅ የእኔ ናት፤ ይኸው፣ እዚህ አልዋሽም፣
ቁልፍ የያዘ ሰው ድምፅ ሲሰጥ ከበሩ አይሸሽም።

በማግስቱ፣ ከብረት በሩ ሥር አንድ ፖስታ፤ ሦስት መቶ ሸቀል፣ ስም የለው።
ሐሙስ ሌላ፤ በሎተሪ ትኬት ጀርባ «ለማቀዝቀዣ» የሚል ያለው።
ሦስተኛው ዝርዝር ሳንቲም፣ በካልሲ ጫፍ ተቋጥሮ፤
ቋጠሮውን አወቅሁት፤ እንዲህ የሚያስር አንድ ሰው ነው፣ በሱዳን ተምሮ።

ያገለገለ ማቀዝቀዣ ከናዝሬት ነጋዴ ገዝተን፣
አይነካም ያልነው አምስታችን ተሸከምነው፣ ደረጃው ላይ ተጋጭተን።

አሁን መዝገቡ ፊት ነኝ። «ገቢ» ከሚለው ዓምድ ሥር ብዕሬ ቆመ፤
«ስሙ ያልታወቀ» ልበል? አውቀዋለሁ። ስሙን ብጽፍ አስቀየምሁ፣ ባልጽፍ ደንቡ ታመመ።
የመጀመሪያው ፖስታ የማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ስልሳ ሸቀል ተርፎ ወደ መጠባበቂያው ገባ፤
አራት ሺ ሦስት መቶ ሰባ
ሁለት። አልተነካም።
ሐሙስ የወሩ መጨረሻ ነው፤
ባንኩ ሃያ ሁለቱን ይቆርጣል።