ሦስት መቶ አሥራ አንድ እጅጌ

ከጠዋቱ አራት እስከ ማታ ሁለት
እግሬን የምተክልበት
ክፍል ቁጥር ሰባት
ጣሪያው መስታወት ነው፤ የፓሪስ ጥቅምት
ዝናቡን ከላይ ሆኖ ይቆጥርበታል።
በሩ ላይ በትልቁ «የእስያ ሳምንት» ይላል።
ከሴኡል ሸክላ መጥቷል፣ ከታሽከንት ሐር፣
ከማኒላ ደግሞ ሰው ሲቀመጥበት የሚያለቅስ ወንበር፣
ከለንደን፣ ከበርሊን፣ ከሊዮን ሰፈር
እስያን በአያት ስም ብቻ የሚያውቋት ልጆች።
እኔም አለሁ እንግዲህ፣ ኩጋን፣ የጃፍና ሰው፣
ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ጆሮዬ ላይ ሽቦ፣
ስሜ ካታሎጉ ላይ የሌለ፣ ደረቴ ላይ ያለ።

የምጠብቀው ሥራ ከጣሪያ ይወርዳል፦
ሦስት መቶ አሥራ አንድ እጅጌ፣
ኮቱ የሌለ፣ ገበሩ ብቻ፣
አንዱ ካንዱ ጋር በጥቁር ክር ተያይዟል።
በር በተከፈተ ቁጥር ነፋስ ይሞላዋል።
ይህ ሁሉ እጅጌ ሞልቶ
እጅ ማን ነሣቸው? እላለሁ ሲሰለቸኝ።

ሠዓሊዋ ቲያሪ፣ ብርማ ጫማ አድርጋ፣
ለጋዜጠኛ ስታብራራ ሰማሁ
ስለ «ባዶነት ክብደት»፤
ግማሹ ገባኝ፣
ለግማሹ ራሴን ነቀነቅሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት
አንድ ሽማግሌ ሻርፑን እያላላ
ሁለቴ ዞረው፤ ዋጋው በጆሮው ተነገረው፣
ፊቱ አልተለወጠም።
ውል ተፈራረሙ።
የጋለሪው ባለቤት ቀይ ነጥብ ከወረቀት ልጣ
ከርእሱ አጠገብ ለጠፈች።

ሊዘጋ ሩብ ሲቀረው እናቷ መጣች፣
ብቻዋን፣ በዝናብ ካፖርት፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣
መዳፍ ለመዳፍ ገጥማ እጅ ነሣችኝ።
አራት ቀን ስገተር
እጅ የነሣኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

የሷ ፈረንሳይኛ እና የኔ፣
እግራቸው የተሰበረ ሁለት ወንበሮች፣
ተደጋግፈው ቆሙ።
ቻንቱ ነኝ አለችኝ፤ ከባታምባንግ መጥታ
አሥራ ሦስተኛው ወረዳ፣ ምድር ቤት፣
ሃያ ስድስት ዓመት የኮት እጅጌ ሰፍታ፣
ባንዱ አርባ ሳንቲም።

ከዚያ ነጥቡን አየች።
«ማን ተወጋ?» አለች።
«በኛ ቤት ቀይ ነጥብ የተገኘበት ኮት
ከሰፊዋ ይቆረጣል።
የገዛ ደም ደግሞ በገዛ ምራቅ ነው የሚለቅ፣
በሌላ ሰው አይለቅም።»
አውራ ጣቷን ልሳ ወደ ግድግዳው ስትጠጋ
«ተሸጧል ማለት ነው» አልኳት ቶሎ ብዬ።
«ተሸጧል?» ሳቀች። «እንግዲያ ሁለተኛው ነው።
ያኔም ተሸጦ ነበር።»

ቀና ብላ ቆጠረች፣ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ።
«ጎደሎ ነው፤ አንዱ ጓደኛ የለውም።»
ጥበብ ይሆናል አልኳት።
«ልጄ ሒሳብ አይሆንላትም» አለች።

ከበሩ ወገን፣ እጅ በሚደርስበት
አንዱ ስፌት ተተርትሮ
ክሩ ተንጠልጥሏል።
«ውሉ ጠፍቷል።»
ውሉማ በስምንት ሰዓት ተፈርሟል፣
እሷ ግን የምትለው ሌላውን ውል ነው፣
በጣት የሚፈለገውን።
ካንገትጌዋ ሥር መርፌ አወጣች፣
ከቦርሳዋ ያገኘችውን ክር።

የኔ ሥራ አጭር ነው፦ ማንም እንዳይነካ።
ሕፃን ከልክያለሁ። አንድ አምባሳደርም።
ከራሴ በላይ ካሜራ አለ፣ የሚያይ፣ የማይሰማ።
በሷና በሱ መካከል ገባሁ፣
ጀርባዬን ሰጥቼ
ያንን የማኒላ ወንበር ሳየው ቆየሁ።
ክር በጥርስ ሲበጠስ ሰማሁ፤
ጃፍና አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ድምፁን አውቀዋለሁ።

ሰኞ ሳጥን መጣ። ጓንት ያጠለቀ ልጅ
ከመታሸጉ በፊት እያንዳንዱን አይቶ ይመዘግባል፤
አርባ ስምንተኛው ላይ ቆመ፣ መብራቱን አስጠጋ።
ሰማያዊ ክር።
ቲያሪን ጠራት። መጣች፣
በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው፣
ብዙ ዝም አለች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣
እኔ ጣሪያውን።
«ጉድለት አይደለም» አለችው፣ «ጻፍ።»
«የማን እጅ ልበል?»
መልሷን የሳጥኑ መዶሻ ዋጠው።

እኔን የጠየቀኝ የለም።
ጥበቃ ነኝ፤ ጠበቅሁት።