የመጀመሪያው ጣሳ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፋብሪካው መፍያ ክፍል
መዘውር ሲያዞር ኖሮ፣ በእንፋሎት ሲቀቀል፣
ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር
አባቴ ጉልቻ ጎለተ ከጓሮው ግንብ ሥር።
በርሜል አመጣና፣ አፉን አስቆርጦ፣
ከታች ቧንቧ አስገጥሞ፣
የብቅሉን ጭማቂ እስከ አንገቱ አስውጦ፣
«ይኼ» አለ «ቢራ ነው፤ ጠላ እንዳትሉብኝ!»
እኔን «እንጨት ጨምር»፣ እናቴን «ወግጂልኝ»።

ሆፕ የሚሉት ቅመም፣ ያ የፈረንጅ ጌሾ፣ ለጓሮ ሰው አይሸጥ፤
የድሮ ባልደረባው በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከእፍኝ የማይበልጥ፣
በአጥር ላይ አቀበለው። (ብጠየቅ አላየሁም።)
የጎደለውን ሞላ በእኛው ጌሾ፣ ቅጠሉን ከነእንጨቱ፤
«መራራ ለመራራ ዘመድ ነው» አለ፣ አማሰለ በብርቱ።

ፈላ። ተንተከተከ። ምሬቱ ቤት ገባ፤
ከትራስ፣ ከጋቢ፣ ከእህቴ ጠጉር ጋር ተጋባ።
የኮምቦልቻ ወበቅ ከላይ፣ ከታች የፍሙ ወላፈን፣
መሐል ላይ አባቴ፣ በካናቴራ፣ እንደ ሙሽራ ሲጀነን።

እሳቱ ሲዳፈን ግን ወጉ ተበላሸ፤
ቅጠሉ ከፈሳሹ አልለይ አለ፤ ደፈረሰ፣ ጎሸ።
ወንፊት አመጣን፤ በሁለተኛው ጭልፋ ተደፍኖ ቀረ።
አጎበር አመጣን፣ ከጤና ጣቢያ የተሰጠ፤ እንደ ላም ጡት ተወጠረ፣
ጠብ... ጠብ... አለና ከመሐል ተተረተረ።
ቀና ብሎ አየ የእናቴን ትከሻ፣ የእናቴን ነጠላ።
«አይሞከርም!» አለች፤ አልጨመረች ሌላ።
ከግንቡ ማዶ ዘነቡ፣ ጠላ ሻጯ፣ ሰምታ ኖሮ፣
«ጉሹን ጠጡት እንጂ! ጉሽ ዘግቶ አያውቅም ጉሮሮ።»

«እኔ» አለ አባቴ፣ ጭልፋውን ጥሎ፣ «የማውቀው ማፍላት ነው፤
ማጥለል የሙሄ ነበር፣ ከግድግዳው ማዶ ነው።»

ሙሄ ዛሬ ደሴ ነው፤ ጦሳ ሥር፣ ጉም ውስጥ፣ ብርድ ልብስ ደርቦ፣
በብርጭቆ ይዞ የቤቱን ቀሪቦ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቢራ ያጠለለ፣
ከንፈሩ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ያላዋለ፤
በብርሃን የሚያውቀው፣ በድምፅ የሚያውቀው።

ስልክ ተደወለ። ከሳል ቀጥሎ ድምፁ መጣ፦
«አራጋው! ወንፊቱን ተወው፣ አጎበሩንም ጣል፣ አትቆጣ።
ቅጠሉን ግን እንዳትጥለው። ይተኛ። ለብ እስኪል አትንካው።
ከዚያ ቧንቧውን ክፈት፣ እንዳታሰፋው።
የመጀመሪያው ጣሳ ጭቃ ነው፤ ቀስ ብለህ መልሰው ከላይ።
ሁለተኛውም ጭቃ ነው፤ መልሰው። ሦስተኛውን እይ።
የተኛው ቅጠል ነው የሚያጠልልልህ።»
«አተላው?»
«አተላው። ምን አለህ ከእሱ የተሻለ?»

ተኛ። ጠበቅን። መሸ።
በሀረጎ ቁልቁለት የከባድ መኪና ፍሬን ሲያቃስት ሰማን።
አባቴ ሰዓቱን አየ፣ መልሶ አየ፣ እንደ ሥራ ዘመኑ።

የመጀመሪያው ጣሳ ቦርከና ነው፣ በሐምሌ፣ ሞልቶ።
መለስነው።
ሁለተኛው ቦርከና ነው፣ መስከረም ሲጠባ።
መለስነው።
ሦስተኛው... አባቴ ባትሪ አበራ ከብርጭቆው ጀርባ፤
ጣቶቹን ከወዲያ ቆጠርኳቸው፣ አምስቱንም፣
የአውራ ጣቱን የድሮ ጠባሳ፣ የእንፋሎቱን፣ ሳይቀር።

መልሶ ደወለለት።
«ሙሄ፣ ገና ቢራ አይደለም፤ እርሾ አልነካውም፤
ይኼንን እንኳ ብትቀምሰው...» ብሎ ጀመረና ዋጠው።
ስልኩን ወደ ቧንቧው አስጠጋ፤ እዚያው ያዘው።
ኮምቦልቻ ላይ ይወርዳል፤ ደሴ ላይ ይሰማል።
ብዙ ቆየ ሙሄ። ጉሙ ራሱ የሚተነፍስ ይመስላል።

«አሁን» አለ በመጨረሻ፣ «አሁን ጠለለ።»

ባልዲው በእጄ ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ
ማንም ዝጋው አላለ።