የጭቃው ድርሻ

ከአሽቀሎን ወጣ ብሎ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ጀርባ፣
ቆርቆሮ መጋዘን አለ፣ በሚስማር ቀዳዳው ፀሐይ የሚያስገባ።
ቁልፍ ያዡ እኔ ነኝ። ሥራዬ ድንጋይ መደርደር፣
ከጉድጓድ የወጣን የድንጋይ ዱላ በየሳጥኑ ማሳደር።
በሳጥኑ ግንባር ላይ ጥልቀቱ ተጽፏል በቀለም፦
አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር። ከዚያ በታች ለእኔ ሳጥን የለም።

ራያ ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፣ መነጽሯ በክር ታስሮ፣
ድንጋይ ትልሳለች ሴትዮዋ! አምና ሳቅሁባት፤ ዘንድሮ
እኔም እልሳለሁ።
አሸዋ ጥርስ ላይ ይንቋቋል፣
ጭቃ ግን ዝም ብሎ ምላስ ይይዛል።

«ድሮ» ትላለች፣ «ይህ ዳርቻ አልነበረም፤ ድፍን ነበር ምድር።
ተሰነጠቀ። ግማሹ ወደ ሰሜን ሄደ፣ ስንብት እንኳ ሳይነጋገር።
ስንጥቁን ባሕር ገባበት፤
የቀረው ጠርዝ እየበረደ ሰመጠ፣ በዓመት የፀጉር ውፍረት፣
በላዩም ኖራ ተከመረ፣ የዛጎል አጽም በዛጎል አጽም፤
ያን ሁሉ ጊዜ ምንም አይሰማም።»

ምንም አይሰማም። ቀጥላ ጣቷን በሳጥኖቹ ላይ ታስኬዳለች፣
ባሕሩ ጠርዙን ቦርቡሮ ገደል የሠራበትን ታሳየኛለች፣
ገደሉን ደግሞ ጥቁር ጭቃ እስከ አፉ የሞላበትን፣
ከምሥራቅ የመጣው የወንዝ አሸዋ ጭቃው ጋ ሲደርስ የሳሳበትን፣
ሳስቶም እንደ ክር ጫፍ የጠፋበትን።

ዘይቱስ? ከታች ነው፤ ከኖራው ጨለማ፣ ከደቃቅ ፍጥረት ሬሳ፣
በሙቀት እንደ ላብ ወጥቶ፣ ሽቅብ መንገድ ሲነሳ፣
በአሸዋው ቅንጣት መሃል፣ በጠባብ በጠባቡ በር፣
ባሕር ላይ ወጥቶ ሊበተን ትንሽ ቀርቶት ነበር፤
ጭቃው «ቁም» አለው።
ቆመ።

አባቴ ዋሴ አንጥረኛ ነበር።
ሰሙን ይቀርጽና ጭቃ ያለብሰዋል፣
እሳቱ ሰሙን ያፈሰዋል፣
የሰሙን ባዶ ቦታ ወርቁ ይወርሰዋል፤
ያኔ ጭቃው በመዶሻ ተሰብሮ ደጅ ይጣላል።
ለሰሙ ቅኔ ተዘርፎለታል፣ ለወርቁም ሞልቷል ምስጋና፤
ጭቃውን ማን አነሳው? ስሙ ራሱ ስድብ ነውና።

አንድ ሐሙስ ራያን፣ «የባሕሩ ዳር አሸዋስ ከየት ነው?» አልኳት።
«ከናይል፤ ማዕበል እየገፋው» ስትለኝ፣ ጫማዬን አራገፍኩላት።
«አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይሉ ነበር በእኛ አገር፤
ግንዱን እንጃ፤ አፈሩ ግን እዚህ ያድራል፣ አሽቀሎን ዳር፤
ከእኛ አስቀድሞ ገባ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ምስክር፣
ዘርህን ቁጠር ያለው የለም፣ አልተባለም ይመርመር።

ሔሌጽ ያለው አሮጌ ጉድጓድ ዛሬም የብረት አንገቱን ይነቀንቃል፤
ከዘይቱ ውሃው ይበልጣል።
ራያም ከፋሲካ በኋላ ጡረታዋ ነው፤
ለመሰነባበቻ ሳጥን ሰማንያ ሦስትን ከፈትነው።
አሸዋው ቡናማ ነው፣ ዛሬም እንደ ኩራዝ ጋዝ ይሸታል፤
ጎኑ ያለው ጭቃ ግን ምንም አይሸት፤ መለያው ላይ «ባዶ» ይላል።
እሷ ወደ መኪናዋ ስትሄድ እርሳሴን ከኪሴ አወጣሁ፣
«ባዶ» የሚለውን ሳልሰርዝ አጠገቡ «ያዥ» ብዬ ጻፍሁ።
ክዳኑን ገጠምኩት።
ራያ አማርኛ አታነብም።