አንድ ለመቶ

ሰኞ ከምሳ በፊት፣ ፈረንጅ አራዳ ላይ፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደልቀው ከላይ፣
ወይዘሮ ዘቢባ ቢሮዬ ገቡና
ጃንጥላቸውን አጥፈው፣ ወንበር ሳቡና፣
ከመሐረብ ቋጠሮ ፍላሽ ፈተው ሰጡኝ፤
«የቤቴ ፕላን ነው፣ አንድ ፎቅ ጨምሪልኝ፤
ሁሉ ነገር አለው፣ ተስሎ ያለቀ ነው፤
ያንቺ ሥራማ፣ ልጄ፣ መቀጠል ብቻ ነው።»

ከፈትኩት።
ፒዲኤፍ።
በዳቦ ቤት መስኮት እንደሚታይ ዳቦ፣
ዓይን ይበላዋል እንጂ አይቆረስም ቀርቦ።

«ዋናውስ?» አልኳቸው፣ «አውቶካዱስ የታል?»
«ነዚፍ ነው የሳለው፣ አላህ ይዘንለት፤ ሞቷል።
ኮምፒውተሩን ልጁ ሒርማታ ገበያ
ሸጦታል ይላሉ፣ ያውም በዱቤ ክፍያ።»

ለመቀየሪያው ሰጠሁት። ክቡ ዞረ፣ ዞረ፤
መብራት ሄደ፣ መጣ፤ ደግሞ ሀ ብሎ ጀመረ።
ሊመሽ ሲል ጨረሰ። ደስ ብሎኝ ላቅፈው ነበር፤
ሁሉም በቦታው ነው፣ ግድግዳው፣ መስኮት፣ በር።

አንዱን ግድግዳ ያዝኩ፣ ሙሉውን ላነሳ፤
ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ብቻውን ተነሳ።
ነዚፍ በአንድ ትንፋሽ ያሰመራት መስመር
መቶ ሆና ኖሯል፣ ቁጭ ብዬ ብቆጥር።
«ስኬል፦ አንድ ለመቶ» ተብሏል ከግርጌው፤
ለካስ አንዱ መቶ መሆኑ ነው ፍቺው።

የበረንዳው ምሰሶ ክብ ነበር እንደ ግንድ፤
አሁን ሃያ ጥግ አለው፣ ቆጠርኩት አንድ በአንድ።
«መኝታ ቤት» የሚለው፣ ፊደልነቱ ጠፍቶ፣
«መ» መነጽር መስላለች፣ ሰው የተዋት ረስቶ።
ግድግዳና ቧንቧ፣ የመብራት ሽቦ ሳይቀር፣
በአንድ ሌየር ታጉረዋል፣
እንደ ሐሙስ ገበያ፣ መላወሻ እስኪያጥር።

ደግሞ ሳሎኑ መሐል አንድ ቀጭን ግድግዳ፣
በር የለው፣ መስኮት የለው፣ እንዳልተጠራ እንግዳ።
ይህ ገጽ ስካን ነው፤ አጉልቼ ባየው፣ እጥፋት፤
ነዚፍ በኪሱ ይዞ ሳይት ለሳይት ሲዞርበት
ለአራት አጥፎት ኖሯል። ማሽን ምን ያውቅና
ስለ ኪስ፣ ስለ ላብ! ግንብ መሰለውና
ገነባው።
ጓሮው ላይ ያለው የውሃ ጉድጓድም
የሻይ ብርጭቆ ነው።

ልኩም አልገጠመም። «አራት ሜትር» ይላል፤
ስለካው ሦስት ከሰማንያ ሰባት ይወጣል።
አሳደግኩት፤ ያኛው ክፍል ደግሞ አበጠ።
ሦስት ሌሊት ስቀጥል፣ ስባሪ ከስባሪ፣
አንዴ እንደ ወጌሻ፣ አንዴ እንደ ጥልፍ ሠሪ፣
ዓይኔ አሸዋ ሞላ። በአራተኛው ቀን
ላፕቶፑን ዘጋሁት፣
ሜትሬን ከኪስ ከተትኩ፣
አዌቱን በባጃጅ አልፌ
መንደራ ወረድኩ።

ወይዘሮ ዘቢባ አንዱን ጫፍ ያዙልኝ።
«ስንት ሆነ?» አሉኝ።
ሦስት ከዘጠና አንድ።
ነዚፍም አላለው፣ ማሽኑም አላለው።
ሳቁ፤ ሳቃቸው ውስጥ አንድ ጥርስ ጎድሏል።
«ያኔ ግንበኛችን፣ ሽማግሌው አባ ዱራ፣
ያቮካዶዋን ሥር አልቆርጥም ብሎ፣ ሲፈራ፣
ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ስቦ ሠራ።
ነዚፍ ተቆጣና፣ ኋላ ግን ቀረና ቁጣው፣
ወረቀቱን ነገ አስተካክላለሁ ብሎ ወጣ።»

ዛፏ አለች። ስንለካ
አንድ ፍሬ ጣራው ላይ ወደቀች፤ ደነገጥኩ።

ማታ፣ ባዶ ፋይል ከፈትኩ።
አሮጌውን ከሥር አነጠፍኩት፣ አደብዝዤ፣ ቆልፌ፤
ሌየሩን «ነዚፍ» አልኩት።
የሻይዋን ክብ አጠፋኋት፣
ማዘጋጃ ቤት «ጉድጓዱ የታል?» ብሎ እንዳይጠይቀኝ።
ከዛፏ ሥር ጀመርኩ፤
ሦስት ከዘጠና አንድ፣ አንድ መስመር፣
ከጫፍ እስከ ጫፍ።
ነካሁት።
ሙሉው ተነሳ።